ከጎን የበራ መብራት

አጎቴ ግድግዳ ቀብቶ ሲጨርስ ብሩሹን ጣሳው አፍ ላይ ያጋድምና ወደ በሩ ይሄዳል። መቃኑን ተደግፎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የሠራውን ከሩቅ ያየዋል። «እንግዳ ቤትህን የሚያየው ከበር ነው» ይላል። «አፍንጫውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚያይ እንግዳ የለም።» ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ፣ በር ላይ ቆሞ ማየትንም አብሬ ተምሬያለሁ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ሥራው ሳያልቅ ወደ በሩ መሄድ አመጣ። ኮርኒስ ሲቀባ ሮለሩን ገፋ ገፋ ያደርግና ከመሰላሉ ወርዶ በሩ ጋ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ደግሞ ገፋ ገፋ፣ ደግሞ በሩ ጋ። አብሮን የሚሠራው ቀጭኔ ይስቅበታል። ለቀጭኔ ይህን ስም ያሰጠው ቁመቱ ነው፤ ዝቅ ያለ ኮርኒስ ከሆነ ያለ መሰላል ይቀባል።

«ባለመብራቱ ምርጫ አበዛ» ይላል። «እንዲህ ከሆነማ ሥዕል መሣል ነበረበት።»

እኔ ደግሞ አጎቴ ከዕድሜው ጋር ይበልጥ ጠንቃቃ እየሆነ ነው ብዬ በልቤ አደንቀው ነበር። በልቤ ነው የማደንቀው፤ አፍ አውጥቶ መናገር አይሆንልኝም። ሰው ሲያናግረኝ ጫማዬን ስለማይ ቀጭኔ «ሙሽሪት» ነው የሚለኝ።

አጎቴን ባለመብራቱ ያሰኘው ከሥራ ዕቃው የማይለየው አንድ አሮጌ የእጅ መብራት ነው። ቤት ለባለቤቱ ከማስረከባችን በፊት መጋረጃውን ይዘጋል፣ የክፍሉን አምፖል ያጠፋል፣ ከዚያ መብራቱን ግድግዳው ላይ ጠጋ አድርጎ ከጎን ያበራዋል። ብርሃኑ ግድግዳውን እየላሰ ሲያልፍ፣ በቀን እንደ ወረቀት ልስልስ ያለው ግድግዳ ጉዱ ይወጣል። ስቱኮው ያልደረሰበት ጉድጓድ፣ ሮለሩ የተወው መስመር፣ ከሥር ያበጠ እርጥበት ሁሉ ጥላ ይጥላል። ለጉድጓዱና ለመስመሩ አይቆጣም። የእርጥበት ነገር ግን ሌላ ነው። እርጥበት ላይ ቀለም የደረበ ሠራተኛ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል፤ ልመና አይሰማም። «ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ የነገረኝ አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው» ይላል። «እርጥበት ላይ የቀባ ሰው የዋሸው ለራሱ ነው።»

ነገሩ የተጀመረው የትልቁ አዳራሽ ሥራ ሲገኝ ነው። አዳራሹ አሮጌ ነው፤ ኮርኒሱ እንደ ተገለበጠ ጀልባ ጎበጥ ያለ፣ ሰው አንገቱን ሰብሮ የሚያየው ነው። የእድሳቱ መሐንዲስ መለኪያውን ይዞ ሲዞር፣ አጎቴን የደረጃው ታች ቁጭ ብሎ አገኘው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም። ግድግዳውን እያየሁ ነው።»

«ግድግዳው በጀርባዎ በኩል ነው» አለ መሐንዲሱ።

እውነትም አጎቴ ፊቱን ወደ ባዶው ግቢ አዙሮ ነበር። መሐንዲሱ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን እዚያው ቁርጡን ተናገረ። ሐኪም አይቶት «ደህና ነህ» ሳይለው እዚያ መወጣጫ ላይ እግሩን አያነሳም። ወደ ቤት ስንሄድ አጎቴ መንገዱን ሙሉ ያወራኝ ስለ ብሩሽ ፀጉር ነበር።

ቤት ስንደርስ የአጎቴን ሚስት፣ እትዬን፣ ወሬው ቀድሞን አገኛት። ቀጭኔ ደውሎላት ኖሯል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች፣ ልብስ እያጣጠፈች።

«በሽታ መቼ አለኝና ነው የምደብቀው?»

«ታዲያ ወደ ቤታችን ስትወጣ አንደኛው ፎቅ ላይ ቆመህ የጎረቤቱን በር ምን ታያለህ? ያን በር የቀባኸው አንተ ነህ። አዲስ ነገር በቅሎበት አያድር።»

አጎቴ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። በር ሲባል ሌሎቹ በሮች ሁሉ አንድ በአንድ መጡብኝ።

ሐኪሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ሰው ነው። አጎቴን አልጋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ገመድ ገመድ ለጠፈበትና የልቡን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ አስነሳው። ወረቀቱ ላይ ተራራና ሸለቆ እየተደጋገመ ወጣ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየውና «ይኼ መልካም ነው» አለ።

አጎቴ ወዲያው ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። «አላልኳችሁም?»

«ይቆዩ እንጂ። መልካም የሆነው የተኛ ሰው ልብ ነው። ኮርኒስ የሚቀቡት ተኝተው ነው?»

«ቢቻልማ ማን ይጠላል።»

ሐኪሙ ሳቅ አለና ጥያቄውን ቀጠለ። ደረትዎን ያምዎታል ወይ ሲለው አጎቴ «አያመኝም» አለ። በሥራ መካከል ያርፋሉ ወይ ሲለው «ግድግዳውን ለማየት ቆም እላለሁ» አለ። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

እሱ ግን የሚፈልገውን ከእኔ ጫማም ያገኘ ይመስለኛል። ጡጫውን ጨብጦ አሳየን። «ልብ ይህን ያህላል። ለገላ ሁሉ ደም ይረጫል፤ ለራሱ የሚሆነውን ደም ግን የሚያገኘው እላዩ ላይ ከተዘረጉ ቀጫጭን ሥሮች ነው።» በሌላ እጁ ጣቶች ጡጫውን ከላይ ያዘው። «ከነዚህ አንዱ ቢጠብ፣ ሰውየው ቁጭ ባለ ጊዜ የምታልፈው ትንሽ ደም ትበቃዋለች። መሰላል ሲወጣ ግን ልብ ተጨማሪ ይጠይቃል፤ የጠበበው ሥር ደግሞ የለኝም ይላል። ስለዚህ ልብዎን እያሠራን ማየት አለብን።»

ሌላ ቀን መሮጫ ማሽን ላይ እንዲሄድና ልቡ በፊትና በኋላ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ቀጠረው። እስከዚያው ትንሽ ብልቃጥ ኪኒን ሰጠው። ደረቱን ከጨነቀው ቁጭ ብሎ አንዷን ከምላሱ ሥር እንዲያደርግ፣ ሥሮቹን ዘና እንደምታደርግለት፣ ካልተወውም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት እንዲመጣ ነገረው።

በመንገድ ላይ እኔ ጡጫዬን ጨብጬ እያየሁ ነበር። በዚያች ላይ የተዘረጉ ሥሮችን ሰው ከውጭ እንዴት አድርጎ ያያል? ቆዳው አለ፣ አጥንቱ አለ። እኛ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ለማየት እንኳ መዶሻ ነው የምናውቀው።

በቀጠሮው ቀን እትዬ ሥራ ስለነበራት አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። ስንወጣ ክንዴን ይዛ «እሱ የማይናገረውን አንተ አይተህ ንገረኝ» አለችኝ። ከሰው ሁሉ መርጣ ለእኔ።

ያስጠበቁን ኮሪደር ግማሹ አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። አጎቴ ቁጭ ማለት አልቻለም። ግድግዳውን በጣቱ እየዳሰሰ ይመላለሳል።

«እዚህ ጋ ሁለተኛ እጅ አልደረሰውም» ይላል። «እዚህ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት አላዩትም። ይኼን ማን ተረከባቸው?»

ቀጥሎ ወደ ጥጉ ሄደና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀለሙን የሚያይ መስሎኝ እኔም ጠጋ አልኩ። ብልቃጧ በእጁ ነበረች። አንድ ኪኒን አወጣና ከምላሱ ሥር አደረገ።

«ጋሼ፣ ጨነቀህ እንዴ?»

«አልጨነቀኝም።» ብልቃጧን ኪሱ ከተተ። «ዛሬ ርክክብ አይደል? ባለቤቱ ከመምጣቱ በፊት ነካ ነካ ማድረግ ያለ ነው።»

እውነት ነው፤ ያለ ነው። ቤት በምናስረክብበት ጠዋት ትንሿን ብሩሽ ይዘን እንዞራለን፤ ዕቃ ሲወጣ የተጫረውን፣ እጅ የነካውን ነካ ነካ እናደርጋለን። ቀለም ቀቢ ሁሉ ያደርገዋል። አጎቴም ሐኪሙን ቤት ሊረከብ የሚመጣ ባለቤት አድርጎ ነበር የቆጠረው። ወዲያው ተጠራን።

የልብ አልትራሳውንድ የምታነሳው ባለሙያ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ስክሪን፣ ከጎኑ ደግሞ መሮጫ ማሽን። አጎቴን በግራ ጎኑ አስተኝታ ደረቱ ላይ ቅባት ስታደርግ «ይቀዘቅዛል አባቴ» አለችው። ከዚያ የያዘችውን መሣሪያ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ስትጫነው ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ተነቃነቀ።

ጭጋግ ይመስል ነበር መጀመሪያ። ቀስ እያለ ዓይኔ ለየው፤ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ግራጫ የሆነ ነገር። የአጎቴ ልብ ነው። ዓመታት አብረን ስንሠራ አጠገቤ እንዲህ ሲሠራ ኖሯል።

«ይኼ በድምፅ የተሣለ ነው» አለች ባለሙያዋ፣ አፌን ከፍቼ ስታየኝ። «ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ እንልካለን፤ ልቡ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ማሽኑ ሥዕል ያደርገዋል። ይኼ የፊተኛው ግድግዳ ነው፤ ያኛው የኋለኛው።»

አጎቴ ቀና ሊል ሞከረ። «ልብም ግድግዳ አለው?»

«አለው እንጂ።»

«ማን ቀባው?»

«የቀባው ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ አይነቃነቁ።»

ግድግዳዎቹ አንድ ላይ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ አንድ ላይ ይለቃሉ። ስክሪኑ ላይ «በፊት» የሚባለውን ሥዕል አስቀመጠችና አጎቴን ወደ መሮጫ ማሽኑ ወሰደችው። ደረቱ ላይ ገመዶቹን እያስተካከለች ጠየቀችው።

«ዛሬ ጠዋት የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አለ አጎቴ። ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር።

እጇን ወደ ማስነሻው ላከች። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ነበር። ይህ ሰው የእናቴ ወንድም ነው። ብሩሽ አያያዝ ያስተማረኝ፣ ሰው ፊት አንድ ቀን አዋርዶኝ የማያውቅ ሰው ነው። አሁን በሰው ፊት «ዋሽቷል» ልበል? ዝም ብልስ? ዝም ብል ሥዕሉ ያምራል፤ ሥዕሉ ካማረ አጎቴ ነገ ያ ጎባጣ ኮርኒስ ሥር፣ ሰው ሊደርስለት በማይችልበት ከፍታ ላይ ክንዶቹን ሽቅብ ዘርግቶ ይቆማል። እዚያ ላይ ደግሞ የሚሄድበት በር የለም።

ከአፌ የወጣው ጥያቄ ነበር። ከገባሁ ጀምሮ ሐሳቤ ውስጥ ሲመላለስ ስለነበር ለመውጣት የቀረበውም እሱ ነው።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ ወንድሜ።»

«ያቺን ከምላስ ሥር የምትደረገውን ኪኒን የወሰደ ሰው እዚህ ማሽን ላይ ቢወጣ፣ ሥዕሉ ምን ይመስላል?»

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። አጎቴን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችኝ።

«ያማረ ሊሆን ይችላል» አለች ቀስ ብላ። «ኪኒኗ ሥሩን ከፈት ታደርጋለች፣ የልቡንም ሸክም ታቀልለታለች። እኔም ያየሁትን አምኜ ‹ደህና ነው› እላለሁ። ሰውየው ግን ኪኒኗ በሌለችበት ሰዓት ሥራው ላይ ነው የሚገኘው። ሥራው ምንድን ነው?»

ማሽኑ ላይ የቆመው አጎቴ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። ቤተሰቡ ሁሉ በዚህ ነው መሰል፣ ሲያፍር ጫማውን ያያል።

«ቀለም ቀቢ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰውየው እኔ ነኝ።» ከማሽኑም ወረደ።

ይቆጡታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን አስቀመጠችውና የደም ግፊቱን ለካች፤ ራሱን ይወጋው እንደሆነ ጠየቀችው፤ «እንደ መዶሻ» አላት። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ነገሩን ሲሰማ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደው።

«ኪኒኗ ብዙ አትቆይም» አለ። «አርፈው ከሰዓት በኋላ ይመለሱ። እኔም እዚሁ እሆናለሁ።»

ከሕንፃው ውጭ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እኔም ከእንግዲህ አብሮ መሥራት የለም ብዬ ስለ መሰላሉና ስለ ባልዲው አስብ ጀመር፤ የቱ የእኔ፣ የቱ የእሱ እንደሆነ።

«እርጥበት ላይ ቀባሁ» አለ ድንገት።

ጠጋ አልኩለት።

«ውጋት አይደለም» አለ። «ለዚያ ነው አያመኝም ያልኩት። ሰው መጥቶ ደረቴ ላይ ቁጭ ያለብኝ ነው የሚመስለኝ። ከመሰላል ወርጄ በሩ ጋ ስደርስ ይነሳልኛል። ስመለስ ደግሞ ተመልሶ ይቀመጣል። ከሰውየው ጋር ከተለማመድን ቆየን።»

«ለምን አልነገርከንም ጋሼ?»

«ነግሬያችሁ ልታደርጉኝ? በዚህ ዕድሜዬ ሥር ሆኜ ባልዲ ላቀብል?» ወደ መንገዱ አየ። «ያን ኮርኒስ ድሮ የቀባው ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ነው። እኔ ከታች ቀለም ስበጠብጥ ነበር፤ አንድ ቀን ‹ና ውጣ› አላለኝም። ካለቀ በኋላ ከበር ላይ አሳየኝ። ያን ዕለት፣ አንድ ቀን እኔም እወጣለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ዞሮ ዞሮ እጄ ገባ፤ አሁን ሐኪም ከታች ሆነህ እይ ሊለኝ ነው።»

«ከላይ ወድቆ ከማየት ከታች ቆሞ ማየት አይሻልም?»

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ ብቅ አለች። «ምላስ አበቀልክ። ለቀጭኔ ካልነገርኩ።»

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ላይ ሲወጣ ኪሱን ገልብጦ ብልቃጧን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠ። ማሽኑ በዝግታ ተነሳ። አጎቴ በእርጋታ ይራመዳል፤ ሐኪሙ የልቡን ተራራና ሸለቆ ያያል። ማሽኑ ፈጠነ፣ ደግሞ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አደረገ፤ ዳገት ሆነ። ባለሙያዋ «እንዴት ነው አባቴ?» ትላለች፤ «አለሁ» ይላል። ደግሞ ቀና አለ። የአጎቴ ግንባር ላብ አወጣ። ዓይኑ ክፍሉን ዞረና የክፍሉ በር ላይ አረፈ። እኔ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«አሁን» አለ። «መጥቶ ተቀመጠ። በሩ ጋ የምሄድበት ሰዓት ነው።»

ማሽኑን አቁመው በፍጥነት አስተኙት፤ ልቡ ገና እየሮጠ ሳለ ነው መታየት ያለበት። ባለሙያዋ ሥዕሎቹን አነሳች። ሐኪሙም አጎቴን እየጠበቀ፣ ሰውየው ከደረቱ መነሳቱን እየጠየቀ ቆየ። ኪኒኗ አሁን በቦታዋ ተሰጠችው። ሁሉም ሲረጋጋ ስክሪኑ ወደ እኛ ዞረ። በግራ የጠዋቱ፣ በቀኝ የአሁኑ።

እኔ ባልተማረ ዓይኔ እንኳ አየሁት። በግራ በኩል ግድግዳዎቹ እንደሚጨበጥ ጡጫ እኩል ይሰበሰባሉ። በቀኝ በኩል ሌሎቹ ፈጠን ብለው ሲሰበሰቡ፣ የፊተኛው ግድግዳ ከወገቡ በታች ወደ ኋላ ይቀራል። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እንቅልፍ የወሰደው አንድ ሰው ይመስል ነበር።

አጎቴ ተኝቶ እያየ «ከጎን አበራችሁበት» አለ።

ሐኪሙ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀው። አጎቴ ስለ መብራቱ ነገረው፤ መጋረጃው ሲዘጋ፣ ብርሃኑ ሲልሰው፣ ጥላው ሲወጣ። ሐኪሙ አዳመጠና «እኔ ቤት ያን መብራት ይዘው እንዳይመጡ» አለ። «ባለፈው ያስቀባሁትን ወድጄዋለሁ።»

«እንግዲህ ሥሩ ተዘግቷል ማለት ነው?» አለ አጎቴ።

«ይኼ ሥዕል ሥሩን አላሳየኝም። ያሳየኝ ግድግዳው መድከሙን ነው። እናንተ ግድግዳ ላይ የውሃ እድፍ ስታዩ ቧንቧው የት ጋ እንዳፈሰሰ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም። እንገምታለን።»

«እኔም እንደዚያው። ከፊት የሚወርደው ትልቁ ሥር ነው ብዬ እገምታለሁ። እርግጡን ለማወቅ ሥሩን ራሱን ማየት አለብኝ።»

ያን ጊዜ እኔ ሁለተኛውን ጥያቄዬን ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ከወጣ በኋላ ሁለተኛው አይከብድም። «እሱስ እንዴት ይታያል?»

ሐኪሙ ጥያቄውን የወደደው ይመስለኛል፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንደኛው መንገድ ሲቲ ስካን ነው አለ። በክንድ በኩል ቀለም ይሰጣል፤ ሰውየው ትንፋሹን ይይዛል፤ ማሽኑ ዙሪያውን እየዞረ ሥሮቹን ከውጭ ያነሳቸዋል። ቀለም ሲባል አጎቴ ጆሮውን ቀሰረ።

«ምን ዓይነት ቀለም?»

«እናንተ የምትቀቡት አይደለም። በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ነው፤ ኋላ በሽንት ይወጣል።»

«እና መርፌ ብቻ ከሆነ እሱን ለምን አናደርግም?»

«የጠበበ ሥር መኖር አለመኖሩን ብጠራጠር ኖሮ እሱን ነበር የማደርገው» አለ ሐኪሙ። «አሁን ግን ግድግዳው ሲደክም በዓይኔ አየሁ፤ እርስዎም መቼ እንደሚጨንቅዎ በአፍዎ ነገሩኝ። ሁለተኛው መንገድ በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ አድርሶ ቀለሙን እዚያው ሥሩ ውስጥ መልቀቅ ነው። ገብቼ ካገኘሁት፣ መከፈት የሚችል ከሆነም፣ ሁለተኛ ሳልቀጥርዎ እዚያው ላይ ልከፍተው እችላለሁ። ሲቲው ያሳየኛል፤ መሥራት ግን አያስችለኝም።»

አጎቴ የእጁን አንጓ ገልብጦ አየው። «በዚህች በኩል?»

«በዚያች በኩል።»

«ሌባ እንኳ በዚህ በኩል አይገባም» አለ። ግን እሺ አለ።

ያ ቀን ሲደርስ እትዬም እኔም መጠባበቂያው ውስጥ ነበርን። እሷ ነጠላ ክር ከቀሚሷ ጫፍ እየመዘዘች ቀሚሷን ልትጨርሰው ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ «ኑና እዩ» ሲለን ክሩን ጥላ ተነሳች።

የቀረፀውን አሳየን። ጥቁር ነገር ሥሩ ውስጥ ሲለቀቅ፣ ባዶ በነበረው ግራጫ መካከል ድንገት ቅጠል የሌለው ዛፍ ከነቅርንጫፉ ይወጣል፤ ከልቡ ጋር እየተወዛወዘ ይቆይና ይጠፋል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ፣ ከፊት የሚወርደው ትልቁ፣ መካከሉ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። ከክሩ በታች ቀለሙ የሚደርሰው እየተንጠባጠበ ነው።

እትዬ ጣቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። «በር በር የምታስኬደው እንግዲህ ይህች ናት?»

«ይህች ናት» አለ ሐኪሙ፤ ቀጣዩን አሳየን። ክር የነበረው ቦታ ተሞልቷል። በትንሽ ፊኛ ገፍቶ፣ እንዳይጠብ የብረት ወንፊት የመሰለ ስስ ቱቦ ትቶበት ወጥቷል። ቀለሙ እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ ሳይቆም ወረደ። ድገምልን ብንለው ደገመልን። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ባየው ደስ ባለኝ፤ ግን አፈርኩ።

እትዬ አሁን ድኗል ወይ ስትለው፣ «የጠበበውን ከፍተናል፤ ያጠበበውን ነገር ደግሞ በመድኃኒትና በአኗኗር እንከላከለዋለን» አለ። መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጥ አስጠነቀቃት። እሷም እንደምትጠብቀው በዓይኗ ነገረችው፤ ለአጎቴ አዘንኩለት።

ወደ ሥራ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው ተባለ። የአዳራሹን ኮርኒስ ግን ሐኪሙ ለጊዜው አልፈቀደም፤ አዳራሹ ደግሞ አይጠብቅም። አጎቴ ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ቀን ራሱ «አንተና ቀጭኔ ውጡ» አለኝ።

አሮጌውን ቀለም ፍቀን በምናነሳበት ቀን መጣ። መሐንዲሱ በሩ ጋ ወንበር አስቀመጠለት። እኔ ከላይ፣ ከጎባጣው ኮርኒስ ሥር፣ መፋቂያዬን እየገፋሁ ነበር። አጎቴ እንደዚያ ሊያየው የተመኘው ኮርኒስ አፍንጫዬ ሥር ነው። መብራቱን ሰጥቶኝ ስለነበር ከጎን አበራሁት። ቀለሙ እየተላጠ ሲነሳ ከሥሩ ቡናማ እድፍ ወጣ፤ ጠርዙ የደረቀ፣ እንደ ካርታ የተዘረጋ። ፈቀቅ ብዬ ስፍቅ ሌላም አለ። ከዚያም ሌላ። በላያቸው ላይ የአጎቴ አስተማሪ ቀለም በወፍራሙ ተደርቧል።

ቁልቁል አየሁት። በሩ ጋ ቆሞ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ እንዴ ብዬ አንገቴን አሰገግኩ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» ሲል ጮኸ ከታች። «ኮርኒሱን ነው የማየው።» እውነቱን ነበር፤ አሁን ፊቱ ወደ ኮርኒሱ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«አይ እንግዲህ። አንተ ከጠየቅህ ጉድ ይወጣል።»

ቀጭኔ አጠገቤ ሆኖ እድፉን አየና መፋቂያውን አቆመ።

«ያ ሰውዬህ» አልኩ፣ «እርጥበት ላይ አትቀባ ያለህ፣ ይህን ኮርኒስ ብቻውን ነው የቀባው?»

«ብቻውን። አላልኩህም? ማንንም አላስወጣም።»

«እንግዲያው ለምን እንዳላስወጣህ አየሁ።»

ከዚያ አጎቴ ወንበሩን ይዞ ቁጭ አለ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ደንግጬ መሰላሉን ልወርድ አንድ እግሬን ስሰድ እጁን አነሳና ከለከለኝ።

«ሳቅ ነው» አለ፣ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ። «እሱም? እሱም ቀብቶበታል?»

«በወፍራሙ።»

«ስንት ሰው አባረርኩ በእሱ ቃል» አለ፤ ሳቁ ትንሽ ቆየና ረገበ። መቃኑን ተደግፎ ተነሳ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሽቅብ አየ። ከዚያ ርቀት እድፉ የሚታየው አይመስለኝም፤ እሱ ግን በትክክል ወደ ቦታው ነበር የሚያየው።

ቀጭኔ «በደረቅ ስቱኮ ልሸፍነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

አጎቴ ጆሮው አልደከመም።

«አትንኩት» አለ ከበሩ። «መሐንዲሱን ጥሩልኝ። መጀመሪያ ውሃው በየት በኩል እንደገባ እንይ።»